የክንዴ ግራ እግር

ቢጫ ይሁን ብርቱካንማ፣ የሰደርያውን ቀለም ዋኘው አሁን እርግጠኛ አይደለም፣ ሊሳሳት ይችላል፣ ሽማግሌ ነው፣ ፎቶውን ያየው በሰው ስልክ ላይ ነው፣ ስልክ ሲያይ ዓይኑ ይርገበገብበታል፣ ቀኑም የሚካኤል ዋዜማ ይሁን የሚካኤል ዕለት ሁለቴ አስቦ ሁለት መልስ አግኝቷል፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የተመለሰው በሚኒባስ ይሁን በጭነት መኪና ጋቢና እሱም ተምታቶበታል፣ ይሁን፣ እግሩን ግን፣ እግሩን አይሳሳትም፣ ያ ግራ እግር በቋሚው ብረት ላይ ተጠምዝዞ፣ ቁርጭምጭሚቱ ከኋላ ዞሮ እንደ ሐረግ የያዘው፣ እንደዚያ መያዝን ያስተማረው እሱ ራሱ ነው።

ልጁ ነው። ክንዴ ነው። ሌላው ሌላው ቢምታታም ይምታታ።

እንጅባራ ዛሬ ጭጋግ ውጧታል፣ ዋኘው ከመናኸሪያው አጠገብ ከሚሠራው ፎቅ ማዶ፣ የተከመረ ድንጋይ ላይ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ ተቀምጧል፣ ልጆቹ መወጣጫ እያቆሙ ነው፣ ባህር ዛፉን ከባህር ዛፍ በሽቦ ይጠፍራሉ፣ ያ ባለ ቀይ ኮፍያው አግዳሚውን ሳይነቀንቅ ረገጠው፣ አትርገጥ፣ መጀመሪያ በእጅህ፣ በእጅህ ሞክረው አንተ ልጅ፣ ማን ይሰማዋል፣ ጥበቃው ምህረቴ ዱላውን እየጎተተ መጣ፣ አያ ዋኘው ዛሬም መጡ? ከዚህ ይነሱ እንጂ፣ እንጨት ቢወድቅብዎ የሚጠየቀው እኔ ነኝ፣ አይወድቅብኝም፣ ኧረ በምን ያውቃሉ? ሊወድቅ ያለ እንጨት ቀድሞ ይጮኻል፣ እርስዎ ደግሞ ነገርዎ ሁሉ፣ ይላል ምህረቴ፣ ይስቃል፣ ይሄዳል።

እንጨት ቀድሞ ይጮኻል። ሰው ነው የማይጮኸው።

የሥራ ጓደኛው ሽባባው ሲከዳው አልጮኸም፣ አንዲት ድምፅ አላሰማም። ሃያ ዓመት፣ ምናልባት ከዚያም ይበልጣል፣ ዋኘው ከላይ ሽባባው ከታች ሆነው በዳንግላና በእንጅባራ መወጣጫ ሲያቆሙ፣ ባንክ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ከላይ ያለው ያዝ! ይላል፣ ከታች ያለው ቋሚውን በደረቱ ደግፎ ይዣለሁ! ይላል፣ ይዣለሁ ሳይባል እግር አይነሣም፣ ሌላ ሕግ አልነበራቸውም፣ ገመድ የለ፣ የራስ ቆብ የለ፣ የሽባባው ድምፅ ብቻ፣ አንድ ቀን እንኳ ይዣለሁ ብሎ ሳይዝ አልቀረም፣ ይህን ዋኘው ለማንም ይመሰክራል፣ ዛሬም ይመሰክራል፣ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው፣ ድሮውንም አጭበርባሪ ቢሆን ኖሮ አጭበርባሪ ነው ብሎ በተገላገለ።

ጉሬዛ ብሎ ስም ያወጣለት ሽባባው ነው። በግራ እግሩ ቋሚውን ጠምዝዞ ሁለት እጁን ለሽቦው ስለሚለቅ፣ ጉሬዛው ወጣ! እያለ ግንበኛውን ሁሉ ያስቅበት ነበር፣ ኋላ ክንዴ አድጎ ሥራ ሲጀምር፣ ግምጃ ቤት ከተማ ወፍጮ ቤቱን ሲሠሩ ይመስለዋል፣ ወይ ጥሊሊ፣ የልጁ እግር ሳይነገረው ሄዶ ቋሚው ላይ ተጠመዘዘ፣ አይ፣ ተነግሮት ነው፣ እጅህ ይደክማል፣ እግርህ ግን አጥንት ነው፣ እግርህን እመን ብሎታል፣ ሽባባውም ከታች አንጋጦ፣ የጉሬዛ ልጅ ጉሬዛ! አለ፣ አለ እኮ፣ በዚያ አፉ።

እንግዲህ ሃያ ዓመት ከታች አንጋጦ ያንን እግር ያየ ሰው ነው።

ያንኑ እግር ለቤቱ ሰው የኔ ልጅ ነው ያለው።

ደግሞ አበልጅ ናቸው፣ የሽባባውን ልጅ ይኸነውን ክርስትና ያነሣው ዋኘው ነው፣ ሙሉ ነጭ ለብሶ፣ በእጁ ታቅፎ፣ ይኸነው ክፉ ልጅ አይደለም፣ ፈሪ ነው እንጂ፣ ፈሪነት ኃጢአት አይደለም፣ አባቱ ሥራ ይልመድ ብሎ አንድ ቀን መወጣጫ ላይ ቢሰደው ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ቋሚውን አቅፎ ዓይኑን ጨፍኖ አለቀሰ፣ ክርስትና አባቱ ወጥቶ በጀርባው አዝሎ አወረደው፣ ሽባባው የዚያን ዕለት፣ አበልጄ ለሰው እንዳትነግርብኝ አለ፣ አልነገረም፣ ለየወርቅውሃ ብቻ፣ ለሚስት መንገር ደግሞ ለሰው መንገር አይደለም።

ለዚህ ነው የወርቅውሃ የሳቀችው፣ ሽባባው ከዳንግላ ድረስ መጥቶ፣ የልጆቻችን እንጀራ ተገኘ፣ የእህቴ ልጅ ኪዳኑ ዐረብ አገር አለቃ ሆኗል፣ መወጣጫ የሚያቆም ሰው አምጣ ተብሏል፣ ክንዴና ይኸነው አብረው ይሂዱ ሲል፣ ይኸነው? አለች፣ ሦስተኛው እንጨት ላይ ያለቀሰው? ዋኘው ዓይኑን አፈጠጠባት፣ ሽባባው ግን አልተቀየመም፣ ያኔ ሕፃን ነበር እታለም፣ አሁን አንበሳ ሆኗል፣ ዋኘው ደግሞ እንደ ልማዱ ጠየቀ፣ ሁሉን ነገር ሦስቴ ሳይጠይቅ አይተኛም፣ በደላላ ነው በኤጀንሲ? በኤጀንሲ፣ አውሮፕላን ነው በእግር? አውሮፕላን፣ እዚያ ከታች የሚይዝለት ማነው? አይ ዋኘው፣ እዚያ ብረት ነው፣ የሚይዘው ብሎን ነው፣ ቢሆንም፣ ቢሆንም ማነው? ሽባባው ያን ጊዜ መሳቁን ተወ፣ ጉልበቱን በእጁ ነካው፣ ይኸነው ይይዝለታል፣ እኔ አንተን እንደያዝሁህ።

ይህን ከሰማ በኋላ ምን ይጠይቅ። መረቃቸው። ሁለቱንም።

ከዚያ የክንዴ ድምፅ መጣ፣ በየወርቅውሃ ስልክ፣ ኔትወርኩ በተመለሰ ሳምንት፣ አባዬ እንዴት ዋላችሁ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ እሳት ነው፣ ጫማ ያቀልጣል፣ የሥራ ፈቃድ ካርዱ በይኸነው ስም ነው የወጣው አባዬ፣ እሱ ግን መውጣት አልቻለም፣ ራሱን ያዞረዋል፣ የሱን ካርድ አንጠልጥዬ የምወጣው እኔ ነኝ፣ ለጊዜው ነው ይላል ኪዳኑ፣ የኔም ይወጣል፣ ለአያ ሽባባው አትንገረው፣ በኛ የተነሣ እንዳትጣሉ። እንዳትጣሉ አለ። ልጁ ለአባቱ አበልጅነት ተጨነቀ። ዋኘውም አልተናገረም፣ ለጊዜው ነው፣ ልጆች ናቸው፣ ተረዳድተው ነው፣ ከዚያ የክንዴ ስልክ ተዘጋ፣ ዛሬም ዝግ፣ በነጋታውም ዝግ፣ ሽባባው ዳንግላ ሆኖ ደወለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አበልጄ እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ክንዴ ሥራውን ጥሎ ጠፋ አሉ፣ ከማይታወቁ ልጆች ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደ አሉ፣ የኔው ልጅ ብቻውን ቀረ፣ አይዞህ፣ የወርቅውሃን አጽናናት።

አጽናናት አለ። ዋኘውም አጽናናት፣ የሷን ዕንባ ሲጠርግ ከረመ፣ ልጁንም በልቡ ወቀሰው፣ ትዕግሥት የለው፣ አባቱን አልመሰለም አለ፣ ይህን ማለቱን ማንም አልሰማውም፣ ቢሆንም አለ።

ባለ ቀይ ኮፍያው አሁን ሁለተኛው ፎቅ ደርሷል፣ ከታች ያለው ጓደኛው ቋሚውን በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው ስልኩን ይነካካል። አንተ! ሁለት እጅህን! ዋኘው ከድንጋዩ ተነሣ፣ ልጁ ዞር ብሎ አየው፣ አባባ ምን ሆኑ? ምንም፣ ምንም አልሆንሁም፣ ተቀመጠ። ያንን ፎቶ ያነሣውም ከታች የቆመ ሰው ነው፣ ሰማዩ፣ ብረቱ፣ የጫማው ሶል ይታያሉ፣ ፊቱ ግን በአግዳሚው ተሸፍኗል፣ ከታች የቆመው ማን እንደሆነ ዋኘው አሳምሮ ያውቃል፣ ሁለት እጁ ስልኩ ላይ ነበር ማለት ነው፣ ታዲያ ማን ይዞ ነበር።

ወገቡ ላይ ገመድ አለ፣ መንጠቆው ብረቱ ላይ ተሰክቷል፣ እንደዚያ የታሰረ ሰው እግሩን ምን ያስጠመዝዘዋል፣ ያገሬው ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ገመዱን ያምናል፣ እግርህን እመን የተባለ ልጅ ብቻ ነው እንዲያ የሚይዝ።

ለየወርቅውሃ ሲነግራት አላመነችውም፣ እግር ብቻ? ፊቱስ? ፊቱ አይታይም፣ አንተ ሰውየ አታሰቃየኝ፣ እንዴት አድርጎ ነበር እስቲ አሳየኝ፣ ተነሣ፣ የቤቱን ምሰሶ በግራ እግሩ ጠመዘዘ፣ ጉልበቱ ቋ አለ፣ ሊወድቅ ነበር፣ ሮጣ በሁለት እጇ ደገፈችው፣ እንደዚያ እንደያዘችው ቁርጭምጭሚቱን አየችው፣ ልጄ ነው አለች፣ ልጄ ነው፣ የሚያምኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አለች፣ ከዚያ ወዲህ የሽባባውን ስም በቤቷ አትጠራም።

የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄዷል፣ ጸሐፊዋ የተማረች ትሑት ልጅ ናት፣ ወንበር ሰጠችው፣ አባባ ፎቶውን ይዘውታል? አልያዝሁም፣ የሰው ስልክ ላይ ነው ያየሁት፣ ፊቱ ይታያል? አይታይም፣ ካርዱ ላይ ያለው ስምስ? የሌላ ሰው ነው፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍልዎት አባባ? እሷን ምን ይላታል፣ እሱስ ምን ብሎ ያስጽፍ፣ ደግሞ ማስጻፉን ራሱ ይፈራል፣ ሽባባው ዳንግላ በሩ ላይ፣ ፎቶውን ያየ ዕለት ሊሸኘው ወጥቶ ያለው ነገር አለ፣ እጁን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እንደ ወንድም፣ ዋኘው አደራህን ነገሩን አታስነሣው፣ በሰው ካርድ ሲሠራ የተገኘ ይታሰራል አሉ፣ የሚታሰረው ደግሞ የወጣው ነው፣ የኔ አይደለም።

የወጣው ነው አለ። የኔ አይደለም አለ። እዚያው በሩ ላይ ሁሉን ነገረው፣ እጁንም ከትከሻው አላነሣም።

ዝም ቢል ልጁ ስም የለው፣ ቢናገር ልጁ እስር ቤት፣ እንዲህ አድርጎ ነው ያሰረው፣ ሽቦ እንደሚጠፈር፣ ከሁለቱም ወገን፣ ሥራውን አብረው ነው የለመዱት። ቢወድቅስ? ይህን ማሰብ አይፈልግም፣ ግን ሁልጊዜ ይመጣል፣ ቢወድቅ ካርዱን ገልብጠው ያነባሉ፣ ይኸነው ሽባባው ይላሉ፣ ዳንግላ ይደወላል፣ እዚያ ቤት ያለው ልጅ በሕይወት ስላለ ማንም አያለቅስም፣ እዚህ ደግሞ የሚደውል የለም፣ የማንም ልጅ ሳይሆን ይቀበራል። አይወድቅም። እግሩን ያምናል። ብረት ግን አይጮኽም፣ እንደ ባህር ዛፍ ቀድሞ አይጮኽም፣ ይህን ለክንዴ አልነገረውም፣ እሱ ራሱም የሚያውቀው እንጨት ብቻ ነበር።

ጭጋጉ ወረደ፣ ልጆቹ ሥራ አቁመው ወረዱ፣ ሁለቱም ወረዱ፣ ደህና፣ ዋኘው ግን ባዶውን መወጣጫ ያያል።

ፎቶውን ያየ ዕለት የሄደው ወሬ ሊጠይቅ ነበር፣ ዳንግላ፣ የሽባባው ግቢ ውስጥ ብሎኬት ተቆልሏል፣ ከአሮጌው ቤት ጎን ፎቅ ተጀምሯል፣ ይኸነው ያሠራው ነው አሉት፣ መወጣጫውን በልማዱ በእጁ ነቀነቀው፣ ላላ ያለ ነበር፣ ይህን ማን አሠረው ሊል አሰበና ተወው፣ ገባ፣ ሽባባው ከወዲያ መደብ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል፣ ልጁ ፀደይ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች፣ ንጹሕ ልጅ ናት፣ ምንም አታውቅም፣ አባባ ዋኘው የክርስትና ልጅዎን አዩት? ዛሬ ጧት ነው የላከው፣ የት እንደወጣ ይዩልኝ! ሰማይ ላይ! ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠጋችለት፣ ሰማዩን አየ፣ ብረቱን አየ፣ ቢጫውን ወይም ብርቱካንማውን አየ፣ እግሩን አየ።

ምን ሊል እንደነበር አያውቅም። ልጁን ሊጠራ ነበር መሰለው። ከአፉ የወጣው ግን፣ ከላይ ሆኖ ሃያ ዓመት እንደጮኸው፣ ጎርናና፣ ቤቱን የሚሞላ፣

ያዝ!

ሽባባው ቀና ሳይል፣ ሳያስብ፣ ጀርባውን እንደሰጠ፣

ይዣለሁ!

ፀደይ በሳቅ ፈነዳች፣ ኧረ እናንተ ሽማግሌዎች፣ ዛሬም ከፎቁ አልወረዳችሁም! ሽባባው ቀስ ብሎ ዞረ፣ ዋኘውን አየ፣ ስልኩን አየ፣ የጫማው ማሰሪያ ከጣቱ ወደቀ፣ አልሳቀም፣ የስልኩ መብራት ደብዘዝ አለና ጠፋ፣ የሚካኤል ዋዜማ ነበረ፣ ወይም የሚካኤል ዕለት፣ ከዚያ ወዲህ የክንዴ ወሬ የለም።