የአደራ ዲስክ

አይናዲስ የሠርግ ቪዲዮ ትሠራለች። እኔ በዚያው ቤት ጥግ ላይ ሞባይል እጠግናለሁ። ኪራዩን እንጋራለን፤ ጆሮዬን ግን በነጻ ነው የምሰጣት።

የዚያን ቀን የአቶ ታረቀ ልጅ መልስ ነበር። ቪዲዮው ምሳ ላይ ድንኳኑ ውስጥ በትልቁ ስክሪን ሊታይ ቃል ተገብቷል። የአቶ ታረቀ ዘመድ ከደምበጫ እስከ ማርቆስ ነው። አይናዲስ ካዋረደቻቸው ካሜራዋን ሸጣ ሽንኩርት መነገድ ነው የሚቀራት። ይህን ያለችው ራሷ ናት።

ኮምፒውተሯ ግን ጠዋት ሁለቴ ሥራውን መሀል ላይ አቆመ። ሜሞሪ አነሰኝ ይላል። ኮምፒውተር ሜሞሪው ሲሞላ ትርፉን ዲስክ ላይ ያኖራል፤ ጎተራው የሞላበት ገበሬ እህሉን ጎረቤት እንደሚያስቀምጠው። ፔጅ ፋይል ይሉታል። የእሷ ሁለት ዲስኮች በሰው ሠርግ ጢም ብለዋል፤ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ብትመድብ አልበቃ አለ። ክዳኑ በተከፈተው የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ግን ሦስተኛ ዲስክ ተሰክቷል፤ ግማሹ ባዶ። የየኔታ ደምለው ነው። ኮምፒውተራቸው ሞቶባቸው፣ ዲስኩ መትረፉን እንድታይላቸው ትናንት በአደራ ትተውት ሄዱ። ተርፏል። የሟች መምህራቸው ዜማ በሙሉ እሱ ላይ ነው።

«የአደራ ዕቃ ነው እኮ» አልኳት።

«ዜማውን መቼ ነካሁት? ባዶው ላይ ነው የማኖረው» ብላ ትልቁን ፔጅ ፋይል እዚያ መደበች። አጥፍታ አበራች። ሥራው ሄደ።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የኔታ በሩ ላይ ቆሙ።

«እንደምን አደራችሁ። ዲስኬን ስጪኝ፤ የመርጡለ ማርያም መኪና ሊሞላ ነው።»

«ትንሽ ይቀመጡ፣ የኔታ።»

«ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ደኅና ነው!»

«ደኅና ከሆነማ…» እጃቸው ወደ ሳጥኑ ሄደ።

«እንዳይነኩት!»

በየኔታ ላይ የጮኸ ሰው አይቼ አላውቅም። እሳቸውም ያዩ አይመስለኝም፤ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ያልጠፋ ብሎን መፈለግ ጀመርኩ።

«ባዶው ቦታ ላይ ሥራ አኑሬበታለሁ» አለች አይናዲስ። «አሁን ከነቀልነው ኮምፒውተሩ ይቆማል። ቪዲዮው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ለመልሱ አይደርስም። ለእርስዎም ዲስክ ደግ አይደለም።»

«ከመምህሬ ዜማ ጎን ምን አኖርሽ?»

ስክሪኑን አየት አደረገች። «ጭፈራ።»

የኔታ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«በአደራ በሬ ይታረሳል?»

«አይታረስም።»

«አረስሽበት።»

«አረስኩበት። ይቅር ይበሉኝ።»

ስልካቸው ጮኸ፤ ሾፌሩ ነው። እንዳነሱት መብራቱ ድርግም ብሎ ተመለሰ፤ የኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ ጢጢጢ አለ። ያ ባትሪ ከእኔ ሬዲዮ በላይ የሚሸከም አይመስለኝም። አይናዲስ ዲስኩን ብቻ ታያለች። ሾፌሩ በስልኩ ውስጥ «ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?» እያለ ይጮሃል።

የኔታ ሳጥኑን አዩ፤ እሷን አዩ።

«ሂድ» አሉት። «እርሻ መሀል ቀንበር አይፈታም።»

ጢጢታው ቆመ። ቪዲዮው አለቀ።

አይናዲስ ምደባውን ከየኔታ ዲስክ ላይ አነሳች፤ አጥፍታ አበራች፤ አንድ ዜማ ከፍታ አሰማቻቸው። እስኪያልቅ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ዲስኩን ነቅላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

«ለታረቀ አልነግርብሽም» አሉ። «ለንስሐ አባትሽ ግን አንቺው ንገሪ።»

ሌላ መኪና እስከ ነገ የለም። ስለዚህ መልሱ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ፤ እጃቸው ዲስኩ ባለበት ኪስ ላይ ነው። በስክሪኑ ሙሽራይቱ ትከሻዋን ስታርገፈግፈው ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። አቶ ታረቀ ተነስተው አይናዲስን መረቁ። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

የኔታ ዓይናቸውን ከምትጨፍረው ሙሽራ ሳይነቅሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ይህችን ልጅ» አሉኝ፣ «ጠዋት ከመምህሬ ጋር ነበር ያስጠጋኋት።»