ከደፍ ያላለፈ ውሃ

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ወደ ግድግዳው በጎኗ አስተኝታ፣ ከወገቧ ኋላ ትራስ እየወሸቀች ነበር።

«አንሶላው ታጥፏል» አለች እናት።

«የቱ ጋ?»

«ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ ያለኝ ጀርባ ነው። ከቁስሉ ዝቅ ብሎ።»

እውነትም ታጥፎ ነበር፤ ሳብ አድርጋ ዘረጋችው። እናት ዕድሜዋን የፈጀችው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አለቃነት ነው። አንሶላ ላይ ያለ ሽብሽብ እንደ ስድብ ይሰማታል። እግሮቿ ከከዷት ወዲህ እንኳ አንድም ቀን አልጋ አርጥባ አታውቅም። ሌሊትም ቢሆን ልጇን ቀስቅሳ ፖፖ ታስቀርባለች። «ይቺን ከለቀቅኩማ አለቀልኝ» ትላለች።

ቁስሉ በየቀኑ ይታጠብ ብሏል ሐኪሙ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን አልነገራቸውም። ድርቁ ከጠና ወዲህ ቧንቧው ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ደብዛው ይጠፋል። ቁጥጥሩ ደግሞ ከቧንቧው ይብሳል፤ ውሃ ሲፈስበት የተገኘ ቤት መስመሩ ይታሸጋል፣ ዝናብ እስኪጥል አይከፈትም። ከእነሱ በታች ያለው ጡረተኛ ሹፌር የታሸገበት አልዘጋ ባለ አሮጌ ቧንቧ ሰበብ ነው። አሁን ጀሪካኑን አንጠልጥሎ የሰው ደጅ ይጠናል። እሱስ እግር አለው። እሷ ግን እናቷን ጥላ የት ልትዞር ነው?

የሰፋቻቸውን ዩኒፎርሞች በፌስታል ከትታ ልትወጣ ስትል ባልዲ ደቅና ቧንቧውን ከፍታ ሞከረችው። እፍ ብሎ ባዶ ትንፋሽ ተፋባት።

«መጋረጃውን ዝጊልኝ» አለች እናት። «ፀሐዩ አናቴን በላኝ።»

መጋረጃውን ዘጋች። ቧንቧው እንደተከፈተ ቀረ።

ዩኒፎርሞቹ የማዶው ትልቅ እንግዳ ማረፊያ አስተናጋጆች ናቸው። ግቢው ውስጥ አትክልተኛው ሣሩን በጎማ ያጠጣል። ቆማ አየችው።

«የጉድጓድ ነው» አላት፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አስረክባ ስትመለስ የውሃ ተቆጣጣሪው ሹፌሩ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ሹፌሩ የታሸገውን ቧንቧ ያሳየዋል።

«ይኸው ማኅተምህ። ካላመንክ ሳመው።»

«ጋሼ፣ እኔ ታዝዤ ነው።»

«እዚያ ማዶ ሣር ሲጠጣ ማንም አያዝህም?»

«አጥር ያለው ግቢ ያለ ፈቃድ አልገባም። እኔ የምገባው በር የሚከፈትልኝ ቤት ነው።»

«እኛማ በራችንስ መች ይገጥማል!»

በሁለቱ ድምፅ መሃል ሌላ ድምፅ ሰማች። ከላይ፣ ከራሷ ቤት፣ ውሃ ይንዶቀዶቃል። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም።

ባልዲው ሞልቶ ውሃው ሲሚንቶው ላይ ተንጣልሏል። በጠረጴዛው ስር ዞሮ ደፉ ድረስ መጥቷል፤ ትንሽ ቢገፋ ደረጃው ላይ ነው።

«ስጠራሽ፣ ስጠራሽ…» የእናት ድምፅ ሰልሏል። «ባልዲው ሲሞላ እሰማለሁ። ሲያልፍ እሰማለሁ። ምን ላድርገው?»

ቧንቧውን ጠረቀመችው። መወልወያዋ አንድ ብጣሽ ጨርቅ ነው፤ ምኑን ያነሳዋል። ሳጥኑን ከፍታ ቆመች። ውስጡ ለቁስሉ ተቀቅለው የተቀመጡት አንሶላዎች ናቸው፤ ሌላ ንጹሕ የላቸውም።

«እማዬ፣ አንሶላዎቹ…»

«ምን ትጠብቂያለሽ? ጣያቸው!»

ወለሉ ላይ በተነቻቸው። በጉልበቷ ተንበርክካ ስትገፋቸው ጫማ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማት። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

«የውሃ ቁጥጥር» አለ ተቆጣጣሪው። ከዚያ እግሩ ስር አየ። ሲሚንቶው ጠቁሯል፣ አንሶላዎቹ ውሃ ጠጥተው አብጠዋል። «ይሄ ምንድነው?»

ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን እንደያዘች ቀና አለች።

«የኔ ነው» አለች እናት፣ ለግድግዳው።

«ምኑ ነው የእርስዎ እማማ?»

«ሽንቴ ነው ልጄ። አመለጠኝ። እሷ ሥራ ሄዳ፣ ማን ያንሳኝ?»

ተቆጣጣሪው ቆመ። ሥራው ውሃ ነው። ዓይኑ ከአልጋው እስከ ባልዲው ሄዶ ተመለሰ።

«ይሄ ሁሉ?»

«ይሄ ሁሉ።» እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘች። «ካላመንክ ና፣ ራስህ ገልጠህ እይ።»

ልትገልጠው ስትጀምር ፊቱን አዞረ።

«ይማርዎት እማማ» አለና ወጣ።

ከታች የሹፌሩ ድምፅ መጣ። «ምነው፣ ምን ሆኑ?» ተቆጣጣሪው ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰለት።

«ኧረ በናትህ!» አለ ሹፌሩ። «እኚያ ንጹሕ ሴትዮ?»

ቤቱ ውስጥ ሁሉም ተሰማ።

«በሩን ዝጊው» አለች እናት።

ዘጋችው። «ለምን እንዲህ አልሽ እማዬ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ዘነበ ልበል?»

«ለሹፌሩ እውነቱን እነግረዋለሁ። እሱ ከእኛ ጋር ነው።»

«እንዳትነግሪው። አፉ እንደ ቧንቧው ነው፣ አይዘጋም። ማኅተም ይዘው ይመለሳሉ።» ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዋ ሳበች። «ይሁን። እንዳሉ ይበሉ።»

ትከሻዋ ይንዘፈዘፍ ነበር፤ ፊቷ አይታይም። ልጅ ልትዳስሳት እጇን ዘረጋች። እጇ ጭቃ ነበር፣ መልሳ ሰበሰበችው።

ሳፋውን ሳበችና አንሶላዎቹን አንድ በአንድ ጨመቀች። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወጣ ጠመዘዘቻቸው። የተጠራቀመውን ድፍርስ ውሃ በጨርቅ አጥልላ ጀሪካን ውስጥ ገለበጠችው፤ ለአንሶላዎቹ ማጠቢያ ይሆናል። ክዳኑን አጥብቃ ጀሪካኑን ከስፌት መኪናው ስር ገፋ አደረገችው።