የአንገተ ረጅሞቹ መጨረሻ

ልብስ ሰፊው ዓይኑ ከከዳው ወዲህ ቴሌቪዥን የሚያየው በሚስቱ አፍ ነው። የሚወደው ደግሞ ዘፈን አይደለም፣ ኳስ አይደለም፤ ዳይኖሰር! ቅዳሜ ከሰዓት ትምህርታዊው ፕሮግራም ሲጀምር ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወንበሩን እስክሪኑ አፍንጫ ድረስ ይጎትታል። ቢጠጋ ምን እንደሚያተርፍ እንጃ፤ የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነው።

ፕሮግራሙ የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ ከስር የሚያልፈውን ጽሑፍ የምታነብለት እሷ ናት። የእሷ ንባብ ፊደል እየለቀመ ይሄዳል፤ ጽሑፉ ደግሞ ፖሊስ እንዳየ ሌባ ይሮጣል። ግማሹን ትይዛለች፣ ግማሹን ከሆዷ ትሞላለች።

"ይሄኛው ቁመቱ ምን ያህላል?"

"የሰፈራችንን የውሃ ታንከር ማማ።"

"ወገቡስ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ ልትሰፋለት ነው እንዴ?"

"ካዘዘኝ ምን ገዶኝ! የሚያስቸግረው የጅራቱ ማስወጫ ነው። ብቻ ዓይኔ ይመለስ።"

እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሌም ወሬ ትቀይራለች። ሐኪሙ እሱን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ለእሷ ነግሯታል፤ የዓይኑ ነርቭ ሞቷል፣ አይመለስም። ከክፍሉ ስትወጣ "ምን አለሽ?" ብሎ ፊቱን በድምፅዋ አቅጣጫ ቀና ቢያደርግ "ቀስ እያለ ይመለሳል አለ" አለችው። አፏ ቀደማት። ከዚያ ወዲህ መቀሱን ይወለውላል፣ የስፌት መኪናውን ዘይት ያጠጣል፣ ጨርቃቸውን ሊወስዱ የመጡ ደንበኞችን "ትንሽ ታገሱኝ" እያለ ይመልሳል። እሷም ከኋላው ቆማ ደንበኞቹን በዓይኗ ትለምናለች።

የመጨረሻው ክፍል የቀረበ ዕለት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ከሰማይ ትልቅ ድንጋይ ወረደ። ከድምፁ የተነሳ የቁምሳጥኑ መስታወት ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

"ምን ሆነ?" አለ፣ ሜትሩን ጨብጦ።

ያን ቀን ጽሑፉ እንደ ወትሮው አልሮጠም። እስክትለቅመው ጠበቃት። አንገተ ረጅሞቹ ዳይኖሰሮች አለቁ ይላል፤ አንድም አልተረፈም። እሷ ግን የባሏን ፊት አየች።

"ተሻገሩ" አለች።

"ወዴት?"

"ተራራውን ተሻግረው፣ ሣር ወዳለበት።"

"ልጆቹስ?"

"ልጆቹም ከኋላ ከኋላ... ደህና ናቸው።"

እንደ ወትሮው ስንት ክንድ ጨርቅ እንደሚበቃቸው አልጠየቀም።

"ይሄኮ ድጋሚ ነው" አለ። "ደህና ሳለሁ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። አንቺ ያኔ ጀርባሽን ሰጥተሽ ቁልፍ ትተክዪ ነበር። አንድም አልተረፈም።"

"ታዲያ ለምን ታስነብበኛለህ?"

"ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነዋ። ስትጨምሪበትም አውቃለሁ። ሣር በሉን በግ አስበልተሽው ስታበቂ፣ እኔ ሆዴን ይዤ ዝም።" ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልወጣለትም። "ሴትዮ... ሐኪሙም እንዲህ ነው ያለው? ተራራውን ተሻገሩ?"

መልስ ፍለጋ እስክሪኑን አየች። ጽሑፍ አልነበረም። የቀሚሷን ጫፍ ስታፍተለትል ሰማት መሰለኝ፣ እጁን ሰዶ ያዛት።

"በይ ንገሪኝ፤ አሁን ምን ይታያል? ያለውን ብቻ።"

"አመድ ነው" አለች። "ሜዳው ሁሉ አመድ። ዛፎቹ ቆመው ደርቀዋል። ሌላ... ሌላ ምንም የለም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ራሱን ነቀነቀ። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ በሁለት ጣቱ ላይ፣ እንደ ልማዱ ሳያጣምም ጠቀለለውና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

"ነገ ለሰዎቹ ጨርቃቸውን መልሺላቸው" አለ። "ብዙ አስጠበቅኋቸው።"