ለማደጊያ የተተወ እጥፋት

ወረቀቱ ሁለተኛውን ሶፋ ጨርሶ ወደ ሦስተኛው ሲሻገር ነርሷ ፔርሙዙን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ፈርሙ፣ ፈርሙ። ስምና ስልክ ብቻ፤» ይላል አጎቷ፣ ወረቀት የተቆነጠጠበትን ሰሌዳ ከጉልበት ወደ ጉልበት እያሻገረ። ሠላሳ ዓመት የሰው የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሐዘንም ቢሆን ካልተመዘገበ የደረሰ አይመስለውም። እህቱ፣ የነርሷ እናት፣ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ በሦስቱም ቀን ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ቡናውን ጠጥቶ ውልቅ እንዳለ በዝርዝር ይዟል። ስለዚህ ማንም ምን እንደሚፈርም አልጠየቀም።

«እኔ ስንተኛ ነኝ?» አለች ጎረቤቷ። ሰፈሩ ሬዲዮ ይላታል፤ ማጥፊያዋን ያገኘ የለም።

«አርባ አንደኛ።»

«አርባ አንደኛ! ግድግዳ እየተጋራሁ! ሳታስነጥስ ይማርሽ የምላት ሴት!»

«በአቀማመጥ ነው እንጂ በፍቅር አይደለም፣ እመቤት።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ የት እንዳለ ትዝ ሲለው ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው።

ነርሷ አልሳቀችም። እሷም በልቧ እየቆጠረች ነበር፤ የምትቆጥረው ግን እንግዳ አልነበረም። ልጇ በረንዳው ላይ የለችም። ወጥ ቤት የለችም። ከሬዲዮ ልጆች ጋር የለችም። ፔርሙዙን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ሰው እንዳያስተውላት እየተራመደች፣ ግን ሩጫ በሚመስል እርምጃ፣ ወደ ኮሪደሩ ገባች።

የእናቷ የስፌት ክፍል በር ገርበብ ብሏል።

የሰባት ዓመት ልጇ ጀርባዋን ለበሩ መቃን ሰጥታ ቀጥ ብላ ቆማለች። አያቷ በየልደቷ ቁመቷን በእርሳስ ያሰመረችበት መቃን ነው። የነርሷ ወንድም ከልብስ ስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያታል።

«አድጋለች፤» አለ። «እማዬ ካሰመረችው ሁለት ጣት አልፋለች።»

«ነይ።» ነርሷ የልጇን ክንድ ያዘች።

«እማ፣ አመመኝ!»

«ነይ ብዬሻለሁ።»

«እትዬ፣» አለ ወንድሟ በለሰለሰ ድምፅ፣ «በሩ ክፍት ነበር እኮ።»

ክፍት መሆኑን አይታለች። ሆኖም በሩ ክፍት ነበር ብሎ ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው በዚህ ቤት ውስጥ መኖሩ ነው የልጇን ክንድ አጥብቃ እንድትይዝ ያደረጋት።

ወንድሟን ቤተሰቡ «ሊቁ» ይለዋል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ የግድግዳ ሰዓት ፈታቶ መልሶ ስለገጠመና ሰዓቱም እንደ ተአምር ስለሄደ የወጣለት ስም ነው። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጥፋተኛ ተብሎ፣ በዋስ ወጥቶ ቅጣቱን ይጠብቃል። ቅጣቱ የሚነገረው ሐሙስ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ለእንግዶች የተነገረው «የኮምፒውተር ጉዳይ አለበት» ተብሎ ነው። ውሸት አይደለም፤ ሰው የገደለውንም «የቢላዋ ጉዳይ አለበት» ቢሉት ውሸት አይሆንም። ክሱ ግን ሕፃናት ላይ የተፈጸመ ግፍ የተቀረጸባቸውን ምስሎች ይዞ መገኘት የሚል ነው።

* * *

ከስምንት ወር በፊት ሊቁ አዲስ ስልክ ገዛና አሮጌውን ለእናቱ ሰጣት፤ ዩኒፎርም የምትሰፋላቸው ወላጆች እንዲደውሉላት። ሰዓት ፈቶ የገጠመ ሰው፣ አሮጌውን ስልክ ከአዲሱ ጋር የሚያገናኘውን መስመር መንቀል ረሳ። እሱ አዲሱ ላይ ያስቀመጠው ሁሉ አሮጌው ላይ ይወርድ ጀመር። እናቱ አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ የላከችውን የኮሌታ ፎቶ ስትፈልግ አገኘችው።

ለነርሷ የነገረቻት ከሰባት ወር በኋላ ነው፤ ሆስፒታል ተኝታ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ።

«ምን እንደነበር አልነግርሽም። ያየሁት እኔ ጋ ይቅር። የልጅቷን ፊት ላለማየት የቀሚሷን ጫፍ አየሁ። ታጥፏል። ሁለት ጣት ሙሉ ታጥፏል።»

«እማዬ፣ አትናገሪ፤ ይደክምሻል።»

«እኔም እንደዛ ነው የምሰፋው። ሁለት ጣት ለማደጊያ። የሆነች ሴት፣ የት እንዳለች እንጃ፣ ልጄ ታድጋለች ብላ ነው ያጠፈችው።» የአንሶላውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። «ስልኩን እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሌላ ሰው እንዳይጠረጠር እወቂው።»

«ለማን ነው የሰጠሽው?»

«ለማን ይሰጣል? ለፖሊስ ነዋ።»

ይህች ሴት ለልጇ ስትል ሁለት ጊዜ ቤት ለውጣለች፤ በትምህርት ቤት ይመቱታል ተብሎ ርዕሰ መምህሩን በመቀስ አስፈራርታለች። ስልኩን ያስረከበች ዕለት ማታም እራቱን አሙቃ ጠበቀችው። በየቀጠሮው ፍርድ ቤት ከኋላ አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር። ሰዉም «የእናት አንጀት» እያለ ከንፈሩን ይመጥላት ነበር።

ነርሷ አንዱን ቀጠሮ አትረሳውም። ዐቃቤ ሕጉ አንድ ጥሩ ሒሳብ የሠራ ተማሪ በሚመስል ድምፅ አነበበ፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ምስሎች፤ እንደ ክብደታቸው በሦስት ደረጃ የተከፈሉ፤ አንደኛ ደረጃ ይህን ያህል፣ ሁለተኛ ደረጃ ይህን ያህል። ቁጥሩና ደረጃው ለቅጣቱ መነሻ ይሆናሉ። ከዚያ ጠበቃው ተነሣ። «ደንበኛዬ ማንንም አልነካም፤» አለ። «ያየ እንጂ ያደረገ አይደለም።»

ኮሪደር ላይ እናቷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ጠየቀቻት።

«በሥዕል ነው እንዴ የሚቆጥሩት?»

«አዎ እማዬ።»

«በልጅ አይቆጥሩም?»

* * *

«ምነው ገረጣሽ?» አጎቷ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ጠበቃት። ሰሌዳውን ወደ እሷ አዞረው። «ከላይ የተተወው መስመር ያንቺ ነው። ሌላው አጃቢ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጠበቃው ያዘዘው ነው። የሐዘን ቤት ፊርማ ልብ ያባባል ብሏል። ፈርሚና አሳርፊን።»

ከላይ ያለው ገጽ ከሰሌዳው ጀርባ ታጥፎ ተቆንጥጧል። ለፈራሚ የሚታየው ቁጥርና ባዶ መስመር ብቻ ነው። ነርሷ መቆንጠጫውን ከፍታ ገጹን ገለበጠችው። ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ማንበቧን ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበችው።

«ጋሼ፣ ከእኔ ጋር ይኖራል ይላል እኮ ይሄ።»

«የት ይኑር ታዲያ? የእናቱ ቤት ነው! ቅጣቱ በገደብ እንዲሆንለት፣ ማለት ሳይታሰር ከቤቱ እንዲታረም፣ የሚረከበው ቤተሰብ ያስፈልጋል። ያላንቺ ማን አለው?»

«ልጄስ?»

«ልጅሽ ምን ሆነች?» አጎቷ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ፤ ይሄ ነገር አደባባይ ከወጣ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሏት ታውቂያለሽ? የዚያ ሰውዬ የእህት ልጅ ነው የሚሏት። እናትሽ በሐፍረት ሞታለች። አንቺም ልትጨምሪባት ነው?»

አጎቷን እየፈራች ነው ያደገችው። ሰዉንም ትፈራለች፤ ነገ መንገድ ላይ የሚዞረውን አንገት፣ የትምህርት ቤቱን በር። ከሁሉ በላይ ግን ያንን የበር መቃን ፈራችው፤ በየዓመቱ በእርሳስ ሲሰመር፣ ወንድሟም እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያይ።

ሰሌዳውን ይዛ ሳሎን ገባች። ሬዲዮ ለሦስተኛ ጊዜ ቡናዋን እየቀዳች ነበር።

«የፈረማችሁትን ላንብብላችሁ፤» አለች ነርሷ። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «‹እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው፣ ሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወንጀል የሚያሳዩ ምስሎችን ይዞ በመገኘት ጥፋተኛ የተባለው ጎረቤታችን ጨዋና ለሕፃናት የሚራራ መሆኑን ስለምናውቅ፣ ቅጣቱ በገደብ እንዲሆንለት፤ እህቱም በእናታቸው ቤት ከልጇ ጋር ተቀብላ እንደምትይዘው...›»

አንድ ሲኒ ከማስቀመጫው ጋር ተንቀጫቀጨ። ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያዋ ጠፋ።

«አብዳለች!» አለ አጎቷ። «ሐዘን ነው፤ አትስሟት!»

«ቆይ፣ ቆይ፤» ሬዲዮ ተነሣች። «ልጆቼን እኮ... ልጆቼን ለሱ ትቼ ገበያ ሄጃለሁ። አንዴ አይደለም።» የቡናውን ሲኒ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። «እስክሪብቶውን ስጡኝ።» ስሟን ስትሰርዝ ወረቀቱ ተቀደደ።

ከአርባ አንዱ ሠላሳ ሁለቱ ሰረዙ። አንዳንዱ ስልኩን ብቻ ሰርዞ ስሙን ተወ፤ ፍርድ ቤት እንዳይደወልለት ይሆናል የፈራው። ዘጠኙ አልሰረዙም። «ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ልጅ ነው፤» አሉ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን እየደፉ፤ «ፊርማዬን አልበላም።» ዘጠኝ ጥቂት ይመስላል። ነርሷ ግን አብሯት ቡና ሲጠጣ የከረመውን እያንዳንዱን ፊት አየችና ዘጠኝ በጣም ብዙ ሆነባት።

ሳሎኑ ሲራቆት ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በእሱና በልጇ መካከል ቆመች።

«ስልኩን ማን እንደሰጠ ታውቂያለሽ?» አላት።

«እማዬ ናት።»

«አውቃለሁ። የማስረጃው ዝርዝር ሲነበብ ‹በሰማያዊ ጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ስልክ› አሉ። የዩኒፎርም ብጣሽ ነው። እኔም አንቺም በሱ ብጣሽ ላይ ነው ያደግነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ ስታቀርብልኝ አያታለሁ። እሷም ታየኛለች። አንድ ቀን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ።» ፈገግ ያለ መሰለ። «ጨው እንኳ አላጎደለችብኝም።»

«አንተስ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ?» ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፦ «ትፈሪኛለሽ እንዴ፣ እትዬ?»

በአንቀልባ አዝላ ያስተኛችው ልጅ ነው። «እፈራሃለሁ፤» አለች።

«ማንንም ነክቼ አላውቅም እኮ።»

«አንተ እንድታያቸው ሌላ ሰው ነክቷቸዋል።»

* * *

ሐሙስ ጠዋት ዳኛዋ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አንሥታ አየችው፤ የተሰረዘው ከቀረው ይበልጣል።

«እህት አለች?»

ነርሷ ተነሣች። የፊተኛውን አግዳሚ ያዘች።

«ተከሳሹን ቤትዎ እንደሚቀበሉ ተጽፏል። ፊርማዎ ግን የለም።»

አጎቷ ከጎኗ በረጅሙ ተነፈሰ። ወንድሟ አልዞረም፤ ማጅራቱን ብቻ ታያለች፤ ፀጉሩን የቆረጠችው እናታቸው ነበረች።

«የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፤» አለች።

«ይበቃል። ይቀመጡ።»

ዳኛዋ አነበበች። ከዚህ በፊት ያልተከሰሰ መሆኑና ጥፋቱን ማመኑ ቅጣቱን ያቀልለታል፤ የምስሎቹ ብዛት፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የተሰበሰቡ መሆናቸውና የልጆቹ ዕድሜ ማነስ ያከብደዋል። ማየት ብቻ ነው የተባለውን ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ተመልካች ባይኖር የሚቀርጽ አይኖርም። ገደብ አልተፈቀደም። አራት ዓመት ከስድስት ወር።

ዳኛዋ መነጽሯን ልታወልቅ ስትል ቆም አለች። «ምስሎቹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ልጆቹ ስንት እንደሆኑ እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም። ይህም በመዝገቡ ይስፈር።»

ነርሷ ወደ ኋላ አግዳሚ ዞረች፤ ለእናቷ ልትነግራት። ወንበሩ ባዶ ነበር።

* * *

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ብቻ ነበረች፤ ሳትናገር ሲኒ ታጥባለች። አጎቷ አልመጣም፤ መዝገቡንም ይዞት ሄዷል።

ልጇ የትምህርት ቤት ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። «ሰኞ ምን ልለብስ ነው? አጥሮኛል።»

ነርሷ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ ገለበጠችው። እጥፋቱ እዚያው ነበር፤ ሁለት ጣት ሙሉ፤ በጥቃቅን፣ እኩል፣ ከውጭ በማይታይ ስፌት የተያዘ። መቀስ አነሣች። መልሳ አስቀመጠችው። በጥፍሯ አንዲቱን ስፌት ፈልጋ ሳብ አደረገች።

«አያቴ ለምን ይሄን ሁሉ ጨርቅ ደበቀችው?»

«አልደበቀችውም። ላንቺ ነው የተወችው።»

ክሩ ሳይበጠስ ወጣ፤ ዙሪያውን ሁሉ፣ አንድ ረጅም ክር። ቀሚሱ ወረደና የልጅቷን ጉልበት ሸፈነ። ነርሷ የስፌት መኪናው ላይ ከነበሩት ባዶ ማጠንጠኛዎች አንዱን አንሥታ የእናቷን ክር ማጠንጠን ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይበጠስባት።