ገመናና ውኃ

በመሥሪያ ቤታችን «መቀስ» ይሉኛል። ሥራዬ ሕዝብ የጠየቀው ሰነድ ከመውጣቱ በፊት የሰው የግል ጉዳይ የሰፈረበትን ቦታ ማጥፋት ስለሆነ ነው እንጂ ምላስሽን ለማለት አይደለም ብለው ይምሉልኛል። አላምናቸውም። ጠባዬን አውቀዋለሁ፤ ነገር ሲጓተትብኝ ትዕግሥቴ ከኔ ቀድሞ ከወንበሩ ይነሣል።

ሥራው ላየው ሰው ቀላል ነው። ስሙን በጥቁር ቀለም እደልዛለሁ፣ የተደለዘውን ገጽ ደግሞ በኮፒ ማሽን አባዛለሁ፣ ለጠያቂው የምሰጠው ኮፒውን ነው። የተደለዘውን ራሱን ብሰጥ ወደ መስኮት አንሥቶ በብርሃን ያነበዋል። ሰው የተከለከለውን ለማንበብ ሲሆን ዓይኑ ይበረታል።

ያን ሰሞን ከወንዙ ማዶ ካለው ሰፈር አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ደጃችንን ይመላለስ ጀመር። በሰፈሩ ልጆች ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ ትምህርት አልገባ ብሏቸዋል። የእሱም ትንሿ ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት። የጤና ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ደም ወስደው፣ የጉድጓዱን ውኃ መርምረው፣ ከዚያ የውኃ ሽታ ሆነዋል። ሹፌሩ የሚፈልገው የዚያን ጥናት ውጤት ነበር።

ጥናቱ እኛ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አንብቤዋለሁ። አሮጌ ባትሪ የሚቀልጥበት አንድ ግቢ የሰፈሩን ጉድጓድ ሊድ በሚባል መርዘኛ ብረት በክሎታል። ሰዉ ግን ከዚያው ጉድጓድ በቦኖ እየቀዳ ይጠጣል።

ኃላፊያችን ጥያቄውን ውድቅ አድርጊው አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ፈሪ ናቸው፤ ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ጥናቱ የሰው ሕመም የተዘረዘረበት ነው፣ ገመና ነው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው እያሉ ብዙ ተናገሩ። እኔም ሕጉ የግሉን አውጥታችሁ ቀሪውን ስጡ ይላል እንጂ፣ የግል ነገር ስላለበት ሁሉንም ቆልፉበት አይልም አልኳቸው።

«ዝም አይነቅዝም» አሉኝ በመጨረሻ።

«ዝምታው ባይነቅዝም ልጆቹ እየነቀዙ ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ከዚያ እሺ አሉ፤ ግን አንድ ሰው ገመናዬ ወጣ ብሎ ቢከስ መልስ የምሰጠው እኔ ብቻ መሆኔን አስጠነቀቁኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ቁጭ ብዬ ስም የተባለውን ሁሉ ደለዝኩ። አንድም አላመለጠኝም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኔ ነበር።

ሹፌሩ ሊረከብ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። እየፈረመ ያጫውተኛል፤ እሑድ ቦኖው ዘንድ ሰፈሩን ሰብስቦ ሊያነብላቸው አስቧል። ባለ ወፍጮው ይመጣል፣ ጋሪ ነጂው ይመጣል፣ ልብስ ሰፊዋም ቃል ገብታለች። ለጨዋታ ያህል የልብስ ሰፊዋን ስም ጠየቅኩት። እስክሪብቶውን አቁሞ አሰበ።

«ልብስ ሰፊዋ ነዋ» አለኝ። «ስሟንማ እንጃ። እኛ ሰፈር በስሙ የሚጠራ ሰው የለም።»

የደለዝኩት ገጽ ትዝ አለኝ፤ ስሟ ያለበት ቦታ ጥቁር፣ ከሥሩ ግን ልብስ ሰፊ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምትኖር፣ በተደጋጋሚ ፅንስ የወረደባት፣ ለባለቤቷ ቤተሰብ እንዳይነገር የጠየቀች ይላል። ማንም የማያውቀውን ስም ደብቄ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃትን ሴት ለአደባባይ ላሰጣት ነበር። ወረቀቱን ከእጁ መነተፍኩት።

«እህቴ፣ አንቺንም ገዙሽ?» አለኝ።

«ማንም አልገዛኝም። ስህተት ሠርቻለሁ፤ ሳላርመው አይወጣም።»

«እናንተ ነገ ዛሬ ስትሉ ልጄ እየጠጣችው ነው።»

በሩን ሳይዘጋ ሄደ። ቢሰድበኝ እመልስለት ነበር፤ እውነት ተናግሮ ሄደና አቃጠለኝ።

ኃላፊያችን ሁሉንም ሰምተው ኖሮ፣ አላልኩሽም ወይ በሚል ፊት የእንቢታውን ደብዳቤ አዘጋጅቼ እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። እንቢ አልኳቸው። የሴትዮዋ ገመና የባትሪ አቅላጩ መደበቂያ አይሆንም፣ ሴትዮዋም የኛ መደበቂያ አትሆንም አልኩ። ያቺን ገጽ ሙሉ በሙሉ ከጥናቱ ማስቀረትም አልቻልኩም። በደሟ የተገኘው የመርዝ መጠን ከሰፈሩ ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ እሱ ከጎደለ ባለ ባትሪው በጥናቱ ላይ ይስቅበታል። ስለዚህ ገጿን ብቻ በቦርሳዬ ይዤ ወደ ራሷ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። ምን ይቅር፣ ምን ይውጣ ብዬ ከሷ በላይ ማንን እጠይቃለሁ?

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ተደርድሮ ተሰቅሏል፣ ወለሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ተሞልቷል። ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቅኩና በሩን ዘግቼ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ገጹን ሰጠኋት። ስለ ሥራዋና ስለ ቤቷ የተጻፈውን ታያለች፣ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ጣቷ ግን አልፎ ወርዶ ከታች ቆመ።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

«በደምሽ ውስጥ የተገኘው መርዝ ነው።»

«ከምን የመጣ?»

«ከውኃው።»

እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሣች። «ፅንሱንም እሱ ነው ያወረደው?»

ባለሙያዎቹ በእርግጠኝነት ለመናገር ቢያስቸግርም ዋናው ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም ብለው መጻፋቸውን ነገርኳት። ከሐኪም ሰምታዋለች ብዬ ነበር የመጣሁት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዚህን ያህል ባዳ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። ደሟን ወስደው፣ መዝግበው፣ አሽገው፣ ለሷ ሳይነግሯት ቀርተዋል። አማቷ የልጄን ዘር የምታስቀር ሴት ሲሏት አምናቸዋለች። እሷም ራሷን እንደዚያው ነበር የምትቆጥረው።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ገመናዬን ከማን ነው የጠበቃችሁልኝ? ከኔ?»

አፈርኩ። ስንት ዓመት የሰው ምስጢር ጠበቅኩ እያልኩ ስኩራራ፣ ባለምስጢሩ ያውቅ ይሆን ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

ብዙ አላለቀሰችም። ፊቷን በጨርቅ ጠረገችና በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ገጹን ዘረጋችው። እኛ ሰፈር ሰው የሚታወቀው በሥራው፣ በቤቱ አቅጣጫና በልጆቹ ነው አለችኝ፤ ሦስቱን ከደለዝሽ ማንም ማንንም አይለይም። ቁጥሩን ግን እንዳትነኪው አለች። የፅንሱ ነገር ደግሞ በጥናቱ ከተጠቀሱት ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ተደምሮ በጥቅሉ እንዲነገር ተስማማን።

ከዚያ የራሷን ገጽ ሳይደለዝ ጠየቀችኝ። ቢሮ ተመልሼ ሙሉውን አባዝቼ በፖስታ አሸግኩላት። ኃላፊያችን ይህ ማመልከቻ ይፈልጋል ሲሉ፣ የገዛ ደሟን ወሬ ለመስማት ማመልከቻ ከፈለጉ የኔን መልቀቂያ አብረው ይቀበሉ አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። ማኅተሙን ራሳቸው አመጡና መቱበት፤ ወዲያው ስልክ አንሥተው ለማዶው ሰፈር የውኃ ቦቴ ይላክ ብለው ውኃ ክፍሉን ሲጨቀጭቁ ሰማኋቸው። ፈሪ ሰው አንዴ ከጀመረ ይበረታል።

የቀሩትን ገጾች ሁሉ በአዲሱ ደንብ እንደገና ሠርቼ ሹፌሩን አስጠራሁት፤ በማግስቱ ተረከበ። እዚያው ቆሞ አገላበጠው፤ ጉድጓዱ አለ፣ የባትሪው ግቢ አለ፣ ቁጥሩ አለ፤ ሰው የለም። ስለ ትናንቱ አንቺም አታንሺው፣ እኔም አላነሣው የሚል ዓይነት ይቅርታ ጠየቀኝና፣ ለሰዉ እንዳስረዳለት እሑድ እንድመጣ ለመነኝ።

እሑድ ሰፈሩ ቦኖው ዙሪያ ተኮልኩሏል። ልብስ ሰፊዋ ከአማቷ ጎን ቆማለች። እሷን ላለማየት ዓይኔን ማሳረፊያ አጣሁ። ሹፌሩ ጮክ ብሎ አነበበ። ከሁሉ የበለጠው ቁጥር ላይ ሲደርስ ሰዉ አጉረመረመ፤ ባለ ወፍጮው ይህ የማን ቤት ነው፣ እንወቀውና እንርዳው አለ። ክፋት የለበትም፤ ግን ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ልብስ ሰፊዋ ሰዉን አልፋ ወደ ቦኖው ሄደች።

«የማንም ይሁን» አለች። «ያ ሰው ከዚህች ነው የቀዳው፣ እናንተም ከዚህችው ነው የቀዳችሁት። ይልቅ እንዝጋት።»

መክፈቻውን በሁለት እጇ ይዛ አጠበቀችው። ሹፌሩ ሽቦ አመጣና አሠረው፤ ጋሪ ነጂው ደግሞ ቦቴው የሚቆምበትን ቦታ ሊያዘጋጅ ጋሪውን ገፋ። ሰዉ ባለ ባትሪውን እንክሰስ፣ ማን ይፈርም እያለ ሲንጫጫ፣ ልብስ ሰፊዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ አማቷ ተመለሰች። ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

«እማማ፣ ቤት እንግባ» አለቻቸው። «ለርስዎ ብቻ የማነበው ወረቀት አለኝ።»