ወደ ማዶ የዞረው ሞንታርቦ

የሠርጉ ዲጄ አንተነህ ትልቁን ሞንታርቦ ወደ ገደሉ አዙሮ ማቆሚያውን በድንጋይ ሲያስደግፍ፣ የሙሽራዋ አጎት ጋሼ መንግስቱ ክንዱን ያዙት።

"አበባው አረፈ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አሁን፣ ከሰዓት።"

አንተነህ የያዘው ገመድ ከእጁ ወደቀ። ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ያለውን ይህን መስክ ሙሽራዋ ወንጌላዊት ስትመርጥ፣ ሰው ሁሉ "ለፎቶ ነው" ብሎ አምቷታል። ለፎቶ አልነበረም። እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት ወንድሟ አበባው ታሞ አልጋ ከያዘ ዓመት አልፎታል፤ ቤቱ ደግሞ ከሸለቆው ማዶ፣ ፊት ለፊት ነው። "እሱ ወደ ሠርጌ ባይመጣ ሠርጌ ወደ እሱ ይሂድ" ብላ ከአንተነህ ጋር ስትመክር ከርማለች። ትንንሾቹ ሞንታርቦዎች ለእድምተኛው፣ ትልቁ ለአበባው። ባለ ቀለሙ መብራትም ከአልጋው ሆኖ በመስኮት እንዲያየው አፋፉ ላይ ተሰቅሏል።

"እና ሠርጉ ሊቆም ነው?" አለ አንተነህ።

"አብደሃል? ድንኳኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሽራው መንገድ ላይ! መርዶው ነገ ጎህ ሲቀድ ይነገራታል። እዚያም ሚስቱ ካሰች አፏን በነጠላ ይዛ ተቀምጣለች፤ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተማምለዋል። አንተም እንደታቀደው አጫውት። ሞንታርቦውን ካዞርከው ትጠረጥራለች።"

"ጋሼ፣ ሬሳ ላይ እስክስታ ላጫውት?"

"የባሰ አታምጣ ማለት ነው እንጂ ምን ይደረጋል ልጄ።"

አጫወተ። ሽማግሌ ከመከረበት የሚወጣ ዲጄ የትም አገር የለም። ግን ከበሮው በተመታ ቁጥር ካሰችን ያስባል። አመሻሽ ላይ መብራቱ በራ፤ አረንጓዴውና ቀዩ ማዶ ድረስ ሄዶ የአበባውን ቤት ቆርቆሮ ዳሰሰው። አንተነህ ማየት አልቻለም። ማንም ሳያየው የትልቁን ድምፅ ቀነሰ።

የወንጌላዊት ጆሮ ግን እዚያው ነበር። ቬሎዋን ሰብስባ እየሮጠች መጣች፤ ላብ በላብ ሆና ትስቃለች።

"አንተነህ፣ ምነው ቀነስክብኝ? ለአበባዬ እኮ ነው!"

"እ... እጨምረዋለሁ።"

"በል ማይኩን አምጣ። ሁለት ቃል ልበለው። 'ይኸው ዳርከኝ' ልበለው።"

ከኋላዋ የቆሙት ጋሼ መንግስቱ በዓይናቸው "ስጣት፣ ትበል" ይሉታል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

አንተነህ ማይኩን አነሳ። ነገ መርዶው ሲነገራት፣ ለሬሳ ስትስቅ እንደነበረች፣ ማይኩን ያቀበላትም እሱ እንደሆነ ታውቃለች። ይህን የሚችል ሆድ አልነበረውም።

ሙዚቃውን አጠፋው። የሚጨፍረው ሁሉ ባለበት ቆሞ ወደ እሱ ዞረ። ማይኩን መልሶ አስቀመጠና የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ።

"ነይ፣ ላድርስሽ" አላት። "ራስሽ ሄደሽ ንገሪው።"