ሌላኛው እጅ

እኔ ክፉ ሴት አይደለሁም፤ ቁጡ ግን ነኝ። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ የቡና ማድረቂያ ግቢ ነው የምሠራው። ጠዋት የሽቦ ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣው ቡና የለበሰውን ላስቲክ እገልጣለሁ፣ ቀኑን ሙሉ በእጄ እያገላበጥኩ እውላለሁ፣ ማታ መልሼ አለብሰዋለሁ። ውሾች ደግሞ የሞቀ ቡና ላይ መተኛት ይወዳሉ። ውሻ የተኛበት ቡና ይሸታል፤ ጥራቱን የሚመዝነው ቀማሽ አንዴ ፉት ብሎ ከተፋው የወር ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው።

ስለዚህ ውሻ የምናባርርበት ዘዴ አለን። ከሩቅ ድንጋይ ብትወረውሩበት ነገ ተመልሶ ይመጣል። አባብላችሁ ጠርታችሁ፣ ዳቦ አሳይታችሁ፣ አጠገባችሁ ሲደርስ በሌላኛው እጅ ከጀርባ የደበቃችሁትን ድንጋይ ካቀመሳችሁት ግን ሰው አያምንም። ስቀጠር ነባሮቹ ሴቶች ናቸው ያሳዩኝ፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በለጥኩ። "ቡቺዬ፣ ና የኔ ማር፣ ዳቦ ይዤልሃለሁ" ስል ድምፄ ለራሴም ይጣፍጠኝ ነበር። ጆሮው የተቀደደው ቡላ ውሻ ግን ሦስት ጊዜ አምኖኝ መጣ። ሦስቴም መታሁት።

ልጄ ናርዲ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት በሌለ ቀን አብራኝ ትውላለች። አንድ ቅዳሜ ዘወር ስል ቁራሽ ዳቦ ዘርግታ፣ ቀኝ እጇን ከጀርባዋ ደብቃ፣ "ቡቺዬ፣ ና የኔ ማር" ትላለች። ቁርጥ የኔ ድምፅ! ያው ቡላ ውሻ እየተሽቆጠቆጠ ቀረበ፣ ድንጋዩ ጎኑ ላይ አረፈ። ጎበዝ እንድላት ዞር ብላ አየችኝ። ሳቅኩላት። ያን ሳቅ ዛሬ መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ።

የግቢው ዘበኛ ኦቦ ደሬሳ ግን አልሳቁም።

"ማሎ፣ እባክሽ ተስፋነሽ፣ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አያሳዩም" አሉኝ።

"ውሻ እኮ ነው፣ ኦቦ ደሬሳ።"

"ድምፁን ነው የምልሽ። ይኼ ጫካ ይሰማል። ጅብ የሰው ስም ለምዶ ይጣራል ሲሉ አልሰማሽም? በዚያ ማባበያሽ አታለማምጂው።"

"እርስዎ ደግሞ!" ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በሳምንቱ ጠዋት ጉሙ ከጫካው ወርዶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ላስቲኩን እየጠቀለልኩ ሳለ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከቡና ዛፎቹ መሃል ሰማሁ።

"ናርዲዬ፣ ነይ የኔ ማር፣ ዳቦ ይዤልሻለሁ።"

የራሴ ድምፅ ነው። አፌ ተዘግቶ ነበር፤ በጣቴ ነክቼ አረጋገጥኩ። ናርዲ የአጥሩ ቀዳዳ ጋ ቆማለች፣ ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዙራ።

"ናርዲ! ተመለሺ አንቺ ልጅ! እዚህ ነኝ!"

ደነገጠች። ከጩኸቴ ስትሸሽ አንድ እርምጃ ወደ ዛፎቹ ተጠጋች። ድምፄን አለሰለስኩና "ነይ የኔ ማር" አልኳት።

"ነይ የኔ ማር" አለ ጫካው። ከኔ ድምፅ የሚለየው ምንም ነገር አልነበረም።

ናርዲ ዞረች። ፊቴን አላየችም።

"እማ፣ ሌላኛው እጅሽ የት ነው?"

ከጀርባዬ ነበር። ንፋስ እንዳይገልጠው ላስቲኩ ላይ የምንጭነውን ድንጋይ እንደያዝኩ ረስቼው ነበር። ጣልኩት፤ ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁላት። ልጄ ግን አልመጣችም። በኔና በዚያ ነገር መሃል ቆማ ማልቀስ ጀመረች። ከዛፎቹ ስር ደረቁ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፤ ቀስ ያለ፣ ከባድ እርምጃ ነው፣ እየቀረበ።

ያኔ ማንም ያልጠራው ቡላ ውሻ ከአልጋው ስር ወጣ። እያነከሰ አጠገቤ አለፈ፣ በናርዲና በአጥሩ መሃል ገብቶ የጀርባው ፀጉር ቆሞ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። በዛፎቹ ውስጥ ያለው ነገር ዝም አለ። ከዚያ የቅጠሉ ኮሽታ እየራቀ ሄደ።

ናርዲ ተንደርድራ ሄደች፤ ወደኔ ግን አይደለም። የውሻውን አንገት አቀፈች። የመታችው እሷ መሆኗን እያወቀ ሳይሸሽ ቆመላት። እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ከናርዲ ጋር መሬት ላይ እንቀመጣለን። ዳቦውን ፊት ለፊታችን እናስቀምጥና ውሻውን ሳንጠራ አራቱንም እጆቻችንን እንዘረጋለን። ሴቶቹ ይስቁብናል፤ ይሳቁ። ከናርዲ መዳፍ መብላት ጀምሯል። ወደኔ ገና አልቀረበም።

ጉም በሆነ ቀን ድምፄ ከጫካው ውስጥ "ቡቺዬ" ይላል። ውሻው ወደ ዛፎቹ ያያል፣ ቀጥሎ ወደኔ። ናርዲም እንደዚያው ታደርጋለች። ሁለቱም መጀመሪያ የሚያዩት እጄን ነው።